ፌስቡክ በአንድ ቀን ያጣው 200 ቢሊዮን ዶላር የት ገባ? የሶሻል ሚዲያ ድርጅት ዋጋ እንዴት ነው የሚለካው

ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 30፣ 2025) የሜታ አክሲዮን በአንድ ቀን ከ11 በመቶ በላይ ወረደ። ሜታ ማለት ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ዋትስአፕን የያዘው ድርጅት ነው። የገበያ ዋጋው በዛች ቀን ብቻ ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቀነሰ። እንዲህ አይነት ዜና በአማርኛ መዞር ሲጀምር መልኩን ይቀይራል፣ አንዱ የፌስቡክ መስራች ዙከርበርግ ከሰረ ይላል፣ ሌላው ፌስቡክ ሊዘጋ ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ፋብሪካ የሌለው፣ እቃ የማያመርት ድርጅት ሲጀመርስ እንዴት ከአንድ ትሪሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል፣ ሁሉም የወረቀት ጨዋታ ነው ይላል። ጎንደር ፒያሳ ካፌ ውስጥም ቢሆን ቴሌግራም ግሩፕ ላይም ቢሆን ክርክሩ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ጋ ነው የሚደርሰው፣ ዋጋው ተገቢ ነው ወይስ አይደለም?

ግራ የሚያጋባው ነገር አለ በርግጥ። ሜታ አክሲዮኑ በወረደበት ሰሞን ያወጣው ሪፖርት የሦስት ወር ገቢው 51.2 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ፣ ካምናው ተመሳሳይ ጊዜ በ26 በመቶ ጨመረ ነው የሚለው። ገቢው እያደገ ዋጋው ወረደ ማለት ነው። ይሄን ለመረዳት መጀመሪያ "የገበያ ዋጋ" የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ማጥራት ያስፈልጋል። (ከዚህ በኋላ የሜታና የሌሎቹ የውጭ ድርጅቶች ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የገበያ ዋጋ ካዝና ውስጥ ያለ ብር አይደለም

ማርኬት ካፕ ወይም የገበያ ዋጋ የሚባለው ቀላል ማባዛት ነው፣ የአንድ አክሲዮን የመጨረሻ መሸጫ ዋጋ ሲባዛ በጠቅላላው የአክሲዮን ብዛት። ሜታ ወደ 2.5 ቢሊዮን የሚጠጋ አክሲዮን አለው፣ አንዱ አክሲዮን በ85 ዶላር ገደማ ሲወርድ ማባዛቱ 200 ቢሊዮኑን ያመጣዋል። ዋናው ነገር በዛን ቀን የተሸጠው ከጠቅላላው አክሲዮን ጥቂቱ ብቻ መሆኑ ነው፣ ያልተሸጠው ሁሉ ግን ያ ጥቂቱ በተሸጠበት ዋጋ ነው የሚተመነው።

አዘዞ አካባቢ አንድ ሰፈር 100 ቤት አለው እንበል፣ ሁሉም እኩል ካሬ፣ ሁሉም ካርታ ያለው። አንድ ሰው ቤቱን በ5 ሚሊዮን ብር ሸጠ። ደላላው በማግስቱ እዚህ ሰፈር ቤት 5 ሚሊዮን ነው ማለት ይጀምራል፣ ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ 500 ሚሊዮን ሆነ ማለት ነው። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ሰው እዳ አጣድፎት በ4 ሚሊዮን ሸጠ። በዚህ አንድ ሽያጭ ሰፈሩ 100 ሚሊዮን ብር ወረደ። ብሩን ግን ማንም አልወሰደውም፣ የቀሩት 98 ቤቶች እንደቆሙ ናቸው፣ አንድ ቆርቆሮ አልጎደለባቸውም። የሜታ 200 ቢሊዮንም "የት ገባ" ለሚለው መልሱ ይሄው ነው፣ ከካዝና የወጣ ብር የለም፣ የተቀየረው ሰዎች ቀሪውን የሚተምኑበት ዋጋ ነው።

እንዲህ ስለሆነ ግን ቁጥሩ ባዶ ነው ማለት አይደለም። በዛች ሳምንት ቤቱን መሸጥ ግድ የሆነበት ሰው ኪሳራው እውነተኛ ነው፣ ቤቱን አስይዞ ባንክ ሊበደር የሄደም የሚሰጠው ብድር ያንስበታል። ሜታም ለሰራተኞቹ ከደሞዝ ሌላ አክሲዮን ስለሚሰጥ ዋጋው ሲወርድ የነሱ ኪስ ይነካል። ስለዚህ ወረቀት ነው ብሎ መናቁም ካዝና ተዘረፈ ብሎ መደንገጡም ልክ አይደለም።

እኛ ጋ ነገሩ ለምን ግራ ያጋባል

በኔ እይታ ትልቁ ምክንያት እኛ የለመድነው አክሲዮን ሌላ ስለሆነ ነው። እዚህ ጎንደር አክሲዮን ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት የባንክ አክሲዮን ነው፣ ለምሳሌ አማራ ባንክ ብቻ ከመቶ ሺህ በላይ ባለአክሲዮን አለው። ባንኩ ሲሸጥልህ አንዱን አክሲዮን ብዙ ጊዜ በተጻፈበት ዋጋ ነው፣ 1,000 ብር ከተባለ 1,000 ብር፣ ይሄ ፓር ቫልዩ የሚባለው ነው። ከዛ በኋላ ባለአክሲዮኑ የሚጠብቀው ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ የትርፍ ድርሻ (ዲቪደንድ) ሲታወጅ ነው፣ "ዘንድሮ ስንት በመቶ ሰጠ?" ነው ጥያቄው። አክሲዮኑ ዛሬ ቢሸጥ ስንት ያወጣል የሚለውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም በየቀኑ የሚያገበያይ ቦታ አልነበረም። የውጭ ዜግነት ያላቸው ሰዎች የባንክ ድርሻ በጨረታ በተሸጠበት ጊዜ ዋጋው ከፓር ቫልዩው በላይ ሲሄድ ታይቷል፣ እሱ የገበያ ዋጋ ምን እንደሚመስል ጭላንጭል ያሳየ ነበር።

ሜታ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በሜይ 2012 አይፒኦ ሲያደርግ (አይፒኦ ማለት አንድ ድርጅት አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የሚሸጥበት ሂደት ነው) አንዱን በ38 ዶላር ሸጠ፣ ከዛ እስከ 2024 ድረስ ለ12 ዓመት ገደማ አንድ ሳንቲም የትርፍ ድርሻ አልከፈለም። ሰው ግን ይገዛ ነበር። ለምን? ምክንያቱም የሚገዛው ዘንድሮ የሚታወጀውን ድርሻ ሳይሆን ወደፊት ድርጅቱ ሊያተርፍ የሚችለውን ሁሉ ነው፣ እሱን በዛሬ ዋጋ ቀንሶ። ቀንሶ የሚለው ቁልፍ ነው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣ 1,000 ብር ዛሬ እጅህ ላይ ካለው 1,000 ብር እንደማይተካከል የጤፍ ዋጋ እየተከታተለ ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ወለድ ሲጨምር ይሄ ቅናሽ ይከብዳል፣ በ2022 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ከዜሮ አካባቢ ተነስቶ ከ4 በመቶ በላይ ሲያደርስ የቴክኖሎጂ አክሲዮኖች አብረው የወረዱበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነበር።

ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው

እቃ አያመርትም የሚለው ትችት ግማሽ እውነት ነው። ሜታ የሚሸጠው ነገር አለ፣ የሚሸጠውም የሰው ትኩረት ነው። በ2024 ካስገባው 164.5 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ ከ97 በመቶ በላይ ማስታወቂያ ነው። በ2024 መጨረሻ ከድርጅቱ አፖች ቢያንስ አንዱን በየቀኑ የሚከፍተው ሰው ከ3.3 ቢሊዮን በላይ ነበር። የተጣራ ትርፉ ደግሞ 62.4 ቢሊዮን ዶላር፣ ማለትም ከገባው 100 ዶላር ወደ 38 ዶላር የሚጠጋው ትርፍ ነው። እንዲህ አይነት የትርፍ ህዳግ በንግድ ዓለም በጣም ጥቂት ነው፣ አንዱ ምክንያት ደግሞ ፖስቱንም ቪዲዮውንም የሚሰራው ተጠቃሚው ራሱ በነፃ ስለሆነ ነው።

ግን ሁሉም ተጠቃሚ እኩል ገንዘብ አያመጣም፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። በ2023 የመጨረሻ ሦስት ወራት ፌስቡክ ከአንድ የአሜሪካና ካናዳ ተጠቃሚ በአማካይ ከ68 ዶላር በላይ አገኘ፣ አፍሪካን፣ ላቲን አሜሪካንና መካከለኛው ምስራቅን አንድ ላይ ከሚቆጥርበት ምድብ ግን ከአንድ ሰው 5 ዶላር እንኳን አላገኘም። ለምን እንደሆነ ለማየት ፒያሳ አካባቢ የሐበሻ ቀሚስ የምትሸጥ ሴት እንዴት እንደምትሰራ ማሰብ በቂ ነው። ቀሚሱን ፎቶ አንስታ ፌስቡክ ላይ ትለጥፋለች፣ ሰው ኮሜንት ላይ ዋጋ ይጠይቃል፣ ኢንቦክስ ትላለች ወይም የቴሌግራም ቻናሏን ትሰጣለች፣ ብሩ በቴሌብር ይገባል፣ እቃው በሰው ወይም በመኪና ይላካል። ንግዱ ተጀምሮ እስኪያልቅ ሜታ አንድ ብር አላገኘም። ፖስቱን ቡስት ላድርግ ብትል (ከፍላ ለብዙ ሰው እንዲታይላት ማድረግ ማለት ነው) በዶላር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋታል፣ እሱ ደግሞ እንደልብ አይገኝም፣ በሰው በሰው ዲያስፖራ ዘመድ ካላስከፈለች በስተቀር። ስለዚህ እሷም ደንበኞቿም በሜታ ሪፖርት ላይ እንደ ተጠቃሚ ይቆጠራሉ፣ እንደ ገቢ ግን የሉም ማለት ይቻላል።

ይሄ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ነገር ልጨምር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። እዚህ ለነበረ ሰው ያ ጊዜ ምን ማለት እንደነበር መንገር አያስፈልግም፣ ዘመድ ያለበትን ማወቅ አልተቻለም፣ ኦንላይን የሚሸጠው ስራው ቆመ፣ ተማሪው ከትምህርቱ ተስተጓጎለ። በዛው 2023 በፈረንጆቹ ዓመት የሜታ አክሲዮን ከ120 ዶላር ገደማ ተነስቶ 350 ዶላር አልፎ ሄደ፣ ሦስት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ከኢንተርኔት ሲወጣ የድርጅቱ ዋጋ ላይ ምንም አልታየም። ዋጋው ለኛ ያለውን ጥቅም አይለካም፣ የሚለካው ማስታወቂያ አስነጋሪዎች የሚከፍሉትን ብቻ ነው። ይሄን ሁለቱን ለይቶ ማየት ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ውድ ነው ወይስ ርካሽ

ለመለካት ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ፒኢ ሬሾ ነው፣ የድርጅቱን ዋጋ ለአንድ ዓመት ትርፉ ማካፈል። በ2012 ፌስቡክ ገበያ ሲወጣ 104 ቢሊዮን ዶላር ተተመነ፣ የ2011 ትርፉ ግን 1 ቢሊዮን ብቻ ነበር፣ 100 እጥፍ ማለት ነው። አራዳ ገበያ በዓመት 1 ሚሊዮን ብር የሚያተርፍ ሱቅ በ100 ሚሊዮን ብር እንደመግዛት ነው። እብደት ነው ያሉ ነበሩ፣ በአራት ወር ውስጥ አክሲዮኑ ከ38 ዶላር ወደ 18 ዶላር ገደማ ሲወርድ ደግሞ ልክ የሆኑ መሰለ። በወቅቱ ሰው ከኮምፒውተር ወደ ስልክ እየሄደ ነበር፣ ፌስቡክ ደግሞ ከስልክ የሚረባ ገቢ እንዳልነበረው ራሱ ለገበያው ባስገባው ሰነድ ላይ ጽፎ ነበር። በኋላ ስልክ ላይ ማስታወቂያ መሸጥ ቻለ፣ ታሪኩ ተቀየረ፣ ዛሬ ስናየው በ38 ዶላር የገዛ ሰው ርካሽ ነበር የገዛው። ግን በዛን ጊዜ ይሄን በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ያስተምራል። በኮሮና ጊዜ ሰው ቤቱ ሲቀመጥ የኦንላይን ማስታወቂያ በጣም ጨመረ፣ ገበያውም ያ እድገት የሚቀጥል አስመስሎ ተመነው፣ በ2021 ሜታ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ትሪሊዮን ዶላር አለፈ። ይሄ ልክ የጎንደርን ሆቴል በጥምቀት ሳምንት ገቢ እንደመገመት ነው። ጥር 10 እና 11 አልጋ አይገኝም፣ ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል፣ ያንን ገቢ በ52 ሳምንት አባዝቶ ሆቴሉን የገዛ ሰው ሰኔ ላይ ባዶ ክፍል ነው የሚቆጥረው። ፌብሩዋሪ 2022 ላይ የፌስቡክ የቀን ተጠቃሚ ለመጀመሪያ ጊዜ በትንሹ መቀነሱ ተነገረ፣ በዛ ላይ አፕል አይፎን ላይ አፖች ሰውን እንዳይከታተሉ ያወጣው ገደብ በዓመቱ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያሳጣው ድርጅቱ ተናገረ፣ በአንድ ቀን ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወረደ። ሜታቨርስ የሚባለው ፕሮጀክትም (በመነፅር የሚገባበት ምናባዊ ዓለም ነው) በየዓመቱ ቢሊዮኖች እየበላ ነበር። ኖቬምበር 2022 ላይ አክሲዮኑ ከ90 ዶላር በታች ደረሰ።

እንግዲህ እዚህ ጋ ቆም ብሎ ማየት ነው። በ2022 ሜታ ትርፉ ቢቀንስም 23 ቢሊዮን ዶላር አትርፏል፣ በዛ ዋጋ ሲታይ ፒኢው 10 አካባቢ ነው። ከ2012ቱ 100 ጋር አነፃፅሩት። አንድ አይነት ድርጅት፣ ያው አፕ፣ ያው ተጠቃሚ፣ በዓመት ከምናምን ውስጥ ዋጋው አራት እጥፍ ሆኖ ተመልሶ ከትሪሊዮን አለፈ። ፍርሃቱም ጉጉቱም ከልክ ያለፉበት ጊዜ ነበር። በ2024 መጨረሻ ላይ ፒኢው ወደ 25 ነው፣ ይሄ ርካሽ ባይባልም በትርፍ የተደገፈ ዋጋ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም የወረቀት ጨዋታ ነው የሚለውን ቁጥሩ አይደግፈውም።

ጥያቄ የሚያነሱትም ምክንያት አላቸው

የጥቅምቱ መውረድ ከዚህ ጋር ነው የሚያያዘው። ሜታ ለኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) የሚሆኑ ዳታ ሴንተሮችና ማሽኖች ላይ በ2025 ብቻ ከ70 እስከ 72 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከዚህም እንደሚጨምር አስታወቀ። በተጨማሪ የአንድ ጊዜ የታክስ ሂሳብ ወደ 16 ቢሊዮን ዶላር ስለተመዘገበ የሦስት ወሩ የተጣራ ትርፍ 2.7 ቢሊዮን ብቻ ሆኖ ታየ። ታክሱ ብዙም የሚያሳስብ አይደለም፣ አንዴ ነው። አሳሳቢው ወጪው ነው። ደጋፊዎቹ ኤአይ ማስታወቂያውን ለትክክለኛው ሰው በማድረስ ገቢውን ከወዲሁ እያሳደገው ነው ይላሉ፣ የ26 በመቶ እድገቱን ያሳያሉ። ተቺዎቹ ደግሞ ጉግልና ማይክሮሶፍት ያወጡትን መልሰው ለሌላ ድርጅት በክላውድ ኪራይ (ኮምፒውተራቸውን በኢንተርኔት ማከራየት ማለት ነው) ይሸጡታል፣ ሜታ ግን የሚያከራየው የለውም፣ ሁሉንም ከማስታወቂያ ነው መልሶ ማግኘት ያለበት ይላሉ፣ ማሽኖቹም በጥቂት ዓመት ያረጃሉ። የሜታቨርሱን ያየ ሰው ይሄን ስጋት ዝም ብሎ ሊጥለው አይችልም። እኔ ሚዛኑን ሳየው የዛሬው ትርፍ የዋጋውን ትልቁን ክፍል ይሸከማል፣ ከላይ ያለው ክፍል ግን ገና ፍሬው ባልታየ ወጪ ላይ የቆመ ነው።

ሌላው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ዙከርበርግ የያዛቸው አክሲዮኖች እያንዳንዳቸው 10 ድምፅ ስላላቸው የድርጅቱ የድምፅ ብልጫ በእጁ ነው፣ ሌላው ባለአክሲዮን ወጪውን ቢቃወም ማስቆም አይችልም፣ የሚችለው ሸጦ መውጣት ብቻ ነው።

በመጨረሻ ዋጋው ውስጥ ያልተቆጠረ ወጪ አለ፣ እሱ ደግሞ እኛን ይመለከታል። በሰሜን ኢትዮጵያው (በትግራይ) ጦርነት ጊዜ ፌስቡክ ላይ የተሰራጩ ጽሑፎች የሰው ሕይወት እንዲጠፋ አስተዋፅኦ አድርገዋል የሚል ክስ በ2022 መጨረሻ ናይሮቢ ላይ ቀርቧል፣ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በኤፕሪል 2025 ጉዳዩን የማየት ስልጣን አለኝ ብሏል። በአማርኛ የሚጻፈውን የሚከታተል በቂ ሰው መቅጠር ወጪ ነው፣ ያ ወጪ ባለመውጣቱ ትርፉ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ጉዳቱ ግን የደረሰው እዚህ ነው። ፍርድ ቤቶች ይሄን ወጪ ወደ ድርጅቱ ከመለሱት ዋጋው መቀየሩ አይቀርም።

ሌሎቹ ሶሻል ሚዲያዎች

ሜታን ብቻ አይቶ ሶሻል ሚዲያ ሁሉ አትራፊ ነው ማለት ያሳስታል። ስናፕቻት በማርች 2017 በ17 ዶላር ገበያ ወጣ፣ በየቀኑ ከ400 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጠቀመዋል፣ ግን ከዛ ወዲህ 2024ን ጨምሮ አንድም ዓመት በተጣራ ትርፍ አልዘጋም፣ በ2025ም አክሲዮኑ ከ17 ዶላር በታች ነበር። ሕዝብ መሰብሰብና ከሕዝቡ ገንዘብ ማግኘት የተለያዩ ስራዎች ናቸው።

ከሁሉም ግልፅ የሆነው የትራምፕ ሚዲያ ነው፣ ትሩዝ ሶሻል የሚባለው አፕ ባለቤት። በማርች 2024 አክሲዮኑ በራሱ ስም መገበያየት ሲጀምር ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር ተተመነ፣ የ2023 ሙሉ ዓመት ገቢው ደግሞ 4.1 ሚሊዮን ዶላር ብቻ፣ ኪሳራው 58 ሚሊዮን። ከገቢው ወደ 2,000 እጥፍ ነው። ሜታ በ2024 መጨረሻ ከዓመት ገቢው 9 እጥፍ ገደማ ነበር። አክሲዮኑን የገዙት ብዙዎቹ ሰውዬውን ስለሚደግፉ ነው የገዙት፣ ድጋፍ መግለጽ መብት ነው፣ ግን በንግድ ሚዛን ይሄ ዋጋ ተገቢ ነው የሚያስብል ምንም ስሌት አላገኘሁለትም።

እዚህስ ምን ይሆናል

ይሄ ሁሉ የአሜሪካ ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025 ስራ ጀምሯል፣ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል፣ ከዚህ በኋላ የአክሲዮን ዋጋ በየቀኑ ሲወጣና ሲወርድ ማየት እንለምዳለን። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር በቴሌብር መሸጥ ሲጀምር ጎንደርም ውስጥ ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ከፍቶ አይቶታል፣ ትንሹ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። ያኔ የብዙው ሰው ጥያቄ "ድርሻው መቼ ይከፈላል" ነበር። ሌላኛው ጥያቄ ግን ማባዛቱ ነው፣ 10 በመቶው 100 ሚሊዮን ከሆነ ጠቅላላው 1 ቢሊዮን አክሲዮን ነው፣ በ300 ብር ድርጅቱ 300 ቢሊዮን ብር ተተምኗል። የ2016 ዓ.ም. በጀት ዓመት ትርፉ ወደ 22 ቢሊዮን ብር ገደማ ስለነበር ፒኢው 14 አካባቢ ይመጣል፣ ያ ውድ ነው ወይስ ርካሽ የሚለውን ደግሞ ሳፋሪኮም ምን ያህል ደንበኛ ይወስድበታል፣ ታሪፍ ይጨምራል ወይ፣ የዶላር ምንዛሬ እዳውን የት ያደርሰዋል የሚሉት ናቸው የሚወስኑት።

ሽያጩ ሲዘጋ ከ100 ሚሊዮኑ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ነው፣ ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገዝቷል። 300 ብሩን የቆረጠው ሻጩ ራሱ ነው፣ ገዢና ሻጭ ተከራክረው የደረሱበት አይደለም። ከገዙት አንዱ ነገ በግልፅ ገበያ ላይ በ250 ቢሸጥ የድርጅቱ ዋጋ በ50 ቢሊዮን ብር ወረደ ይባላል፣ በ400 ቢሸጥ ደግሞ በ100 ቢሊዮን ወጣ ይባላል፣ ያን ቀን አዘዞ ላይ የቆመው የቴሌ ታወር ግን ትናንት የነበረው ነው።